አያ ጓንጉል የሰረዙት ስም

የአያ ጓንጉልን ሞት የሰማሁት በወሬ መሃል ነው። ታናሽ ወንድሜ ከላሊበላ ደውሎ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ መዘግየት፣ ስለ ጥርሱ ሕመም ሲያወራኝ ቆየና «አዎ፣ ረስቼው፣ ያ የምክር ቤቱ ሰውዬሽ፣ አያ ጓንጉል፣ ባለፈው እሑድ ተቀበሩ» አለኝ። ከጥርሱ ቀጥሎ መሆኑ ነው። አልተቆጣሁትም፤ እሱ ምን ያውቃል። ስልኩን ዘግቼ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሐዘን ብቻ ቢሆን ኖሮ ደግ ነበር። ግማሹ ግን እፍረት ነው፤ ምክንያቱንም እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ያን ጊዜ፣ ድርጅቱ አገሩን በሙሉ በእጁ ይዞ በነበረበት ዘመን፣ ባሕር ዳር በክልሉ ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። ከመድረኩ በስተግራ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ቴፕ መቅረጫ ይዤ እቀመጣለሁ። ካሴት ሲያልቅ እገለብጣለሁ፤ ስብሰባው ሲበተን ቢሮዬ ገብቼ እያዳመጥኩ በታይፕ እመታለሁ። እውነቱን ለመናገር ከባድ ሥራ አልነበረም። አንዱ አባል ይነሣና «ረቂቁ ወቅታዊ ነው፣ የአርሶ አደሩን ጥያቄ የመለሰ ነው፣ እደግፋለሁ» ይላል። ሌላው ይነሣና ያንኑ ይላል። ሦስተኛው «ከእኔ በፊት የተናገሩት እንዳሉት» ብሎ ይጀምርና ያንኑ ይላል። አንዳንዴ ሰውየው አፉን ሳይከፍት ጽፌ ልጨርስለት እችል ነበር። መጨረሻው ደግሞ ሁልጊዜ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ነው፤ ይህችን ዓረፍተ ነገር ጣቶቼ ከስሜ በላይ ያውቋታል።

ይህን ሰላሜን የነሱኝ አያ ጓንጉል ናቸው። ከላሊበላ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ካለ ቀበሌ ተመርጠው የመጡ የላስታ ገበሬ ነበሩ። ረዥም፣ ከሲታ፣ ፊታቸውን ብርድ የመታው ሰው ናቸው። ኮት ለብሰው በላዩ ጋቢ ይደርባሉ፤ የባሕር ዳር ሙቀት ሌላውን ሲያቀልጠው እሳቸው ጋቢያቸውን አዳራሽ ውስጥ እንኳ አያወልቁም። መጀመሪያ የተገናኘን ቀን አገሬን ጠየቁኝ። ላሊበላ ተወልጄ እዚያው ማደጌን ስነግራቸው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና «ታዲያ ምነው ንግግርሽ ዓሣ ዓሣ አለ?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሌላው የተከበሩ አቶ ጓንጉል ቢሆኑም ለእኔ አያ ጓንጉል ሆኑ፤ እኔም ለእሳቸው «አንቺ ልጅ» ሆንኩ።

በቤተ ክህነት ትምህርት እስከ ዳዊት ደርሰዋል። ረቂቅ ሕግ ሲታደላቸው እንደ ሌላው አባል ቦርሳ ውስጥ አይከቱትም። ኮሪደር ላይ ቆመው፣ በጣታቸው መስመሩን እየተከተሉ፣ ድምፅ አውጥተው ያነቡታል። ሲጨርሱ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣሉ። አላፊ አግዳሚው ይስቃል። አንድ ቀን አፍሬላቸው «አያ፣ በልብዎ ቢያነቡት ምናለ?» ብላቸው «በልብ ሲነበብ ሁሉም ደግ ይመስላል። ጮኸሽ ስታነቢው ነው ማንን እንደሚመታ የሚሰማሽ» አሉኝ። ያን ጊዜ ነገሩ የሽማግሌ ግትርነት መስሎኝ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ሲነሡ መዳፋቸውን ወረቀቱ ላይ ዘርግተው ያኖራሉ፣ ነፋስ እንዳይወስድባቸው የሚሰጉ ያህል። ንግግራቸው ሁልጊዜ የሚጀምረው «ጥያቄ አለኝ» ብሎ ነው። ልቅ ግጦሽን የሚከለክለው ረቂቅ በቀረበ ጊዜ «ጥያቄ አለኝ። ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ፍየል ያላት ሴት ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ፍየሎቹን ማን ይዞላት ይቆማል?» አሉ። ሰው ሳቀ። አፈ ጉባኤው «ዝርዝሩ በመመሪያ ይታያል» አሏቸው። አያ ጓንጉል አልተቀመጡም። «ክቡር አፈ ጉባኤ፣ እኔን እስከ ዛሬ የቀጣኝ መመሪያ ነው። አዋጅ ቤቴ መጥቶ አያውቅም» አሉ። እኔም ሳቅኩ። ሳቄ ካሴቱ ላይ ገብቶ በኋላ አለቃዬ ተቆጣኝ።

የመሬቱ ረቂቅ የመጣው እሳቸው በተመረጡ በሦስተኛው ዓመት ነው። ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት፣ ገና በማለዳ፣ ቢሮዬ መጡና «መነጽሬ መንገድ ላይ፣ ፍላቂት ሻይ ስንጠጣ ቀረ። እስቲ አንብቢልኝ፣ ጮክ ብለሽ» አሉኝ። አነበብኩላቸው። አንድ አንቀጽ ላይ ስደርስ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። አንቀጹ ባለይዞታው ከቀበሌው ወጥቶ ሁለት ዓመት በተከታታይ መሬቱን በራሱ ካላረሰ የመጠቀም መብቱ ይቋረጣል፣ መሬቱም መሬት ለሌላቸው ይሰጣል ይላል። ለእኔ ክፋቱ አልታየኝም። ከተማ ገብቶ ደመወዝ እየበላ መሬት ይዞ የተቀመጠውን ለመያዝ የታሰበ ነው፤ አርቃቂዎቹም ያሰቡት እሱን ብቻ ነበር።

አያ ጓንጉል ወንበር ስበው ተቀመጡ። ፊታቸው ተለዋወጠ። «አንቺ የአገሬ ልጅ ነሽ፣ ይገባሻል» ብለው የሚከተለውን ነገሩኝ።

የገበሬው መሬት እንደ አዲስ በተከፋፈለበት በሽግሽጉ ጊዜ የቀበሌያቸው የመሬት ኮሚቴ ጸሐፊ ነበሩ። ከወረዳ የመጣው ትእዛዝ የሞተ ሰው ይዞታ ቶሎ ተለይቶ ይከፋፈል የሚል ነው። የሞተውን ግን ማን በስም ለይቶ ይወቀው? ቀበሌው የሞት መዝገብ የለውም፤ ቤተ ክርስቲያን አለው። ኮሚቴው ሄዶ ፍትሐት የተደገመላቸውን ሰዎች ዝርዝር መሪጌታውን ጠየቀ። መሪጌታውም በቅንነት ከመዝገባቸው ቀድተው ሰጡ። አያ ጓንጉል ስሞቹን በሕዝብ ስብሰባ እያነበቡ፣ ተቃውሞ ያልቀረበበትን ስም በቀይ ስክሪብቶ ሰረዙ።

ስህተቱ ለአገሬ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ ላላወቀው ልንገረው። ፍትሐት ለሞተ ብቻ አይደለም የሚደገመው። ሰው ሲመነኩስም ይደገምለታል። ተከናንቦ ይተኛል፣ ለሙት የሚጸለየው ሁሉ ይጸለይለታል፣ ቆቡን ደፍቶ ሲነሣ ለዚህ ዓለም የሞተ ነው። በላስታ ባሏን የቀበረች፣ ጧሪ የሌላት ሴት ጉልበቷ ሲደክም ቆብ ትደፋና ገዳም አጠገብ ጎጆ ይዛ ትቀመጣለች። መሬቷን እኩል አራሽ ያርስላታል፤ ግማሹን እህል እየተቀበለች በጸሎት ትኖራለች። እንግዲህ መዝገቡ ውስጥ የሞቱትም፣ የመነኮሱትም አንድ ላይ ናቸው።

እማሆይ ዘነቡ ከእነዚህ አንዷ ነበሩ። ነአኩቶ ለአብ ገዳም አጠገብ ይኖሩ ስለነበር ወደ ቀበሌያቸው የሚመጡት እህል ሲወቃ ብቻ ነው። ስማቸው በስብሰባው ሲነበብ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «አዎ፣ ፍትሐት ሲደገምላት ቆሜያለሁ» አሉ። አልዋሹም። እኩል አራሹ ደግሞ በሕይወት መኖራቸውን እያወቀ፣ መሬቱ ለእኔ ይደርሰኛል ብሎ ዝም አለ።

«እኔም ቸኩዬ ነበር» አሉኝ አያ ጓንጉል። «ሰረዝኩ። ይህን በምታህል መስመር።» በጣታቸው ጠረጴዛዬ ላይ አጭር መስመር አሰመሩ።

እማሆይ በመኸር ሲመጡ መሬታቸውን የማያውቁት ሰው ሲያጭደው አገኙት። ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ገብተው አያ ጓንጉል ፊት ቆሙና «ጓንጉል፣ ሞታለች ተብለሻል አሉኝ። ማን ነው የቀበረኝ?» ብለው ጠየቋቸው። አያ ጓንጉል ወረዳ ወረዱ፣ ማመልከቻ ጻፉ፣ ተመላለሱ። መልሱ አንድ ነው፤ ሽግሽጉ ተዘግቷል፣ አይከፈትም። አዲሱ ባለመሬትም አራት ልጆች ያሉት ድሃ ነው። ከዚያ ወዲህ አያ ጓንጉል ከራሳቸው ማሳ ገብስ እየለዩ በአህያ ጭነው ለእማሆይ ያደርሳሉ።

«እህሉን ይቀበሉኛል» አሉኝ። «ግን በየዓመቱ ያንኑ ይጠይቁኛል። ስሜን መለስከው ወይ ይሉኛል። እህሉን ሳይሆን ስማቸውን ነው የሚፈልጉ። በመንግሥት ወረቀት ላይ ሙት ሆኖ መኖር ከብዷቸዋል።»

ከዚያ ረቂቁን ከእጄ ወሰዱ። «ያኔ እኔ በስህተት አንድ ሰው ገደልኩ። ይህ እንዲሁ ካለፈ በየገዳሙ ያሉት ሁሉ በሕግ ይገደላሉ። ከሰዓት እናገራለሁ። ስማቸውንም እጠራለሁ። አንቺ ጻፊልኝ፣ በሕይወት አሉ ብለሽ።» እጽፋለሁ አልኳቸው። ምን ቸገረኝ፣ ሥራዬ አይደል።

ነገሩ ግን ቀላል አልነበረም፤ እሳቸውም እኔም እናውቃለን። ሽግሽጉ በዚያን ዘመን ድርጅቱ ከሚኮራባቸው ሥራዎች አንዱ ነው። በሽግሽጉ በሕይወት ያለ ሰው ሞቷል ተብሎ መሬቱ ተወሰደ ብሎ በአዳራሽ መናገር፣ ያውም ከድርጅቱ አባል አፍ ሲወጣ፣ ግምገማ ላይ ያስቀምጣል። ከግምገማ ደግሞ እንደገባ የሚወጣ ጥቂት ነበር። ወንበሩን ያጣል፣ ጓደኛ ያጣል፣ አንዳንዱም ከዚያ የባሰ ያጣል።

ምሳ ሰዓት ላይ ካሴቶቼን ታቅፌ ደረጃውን ስወርድ በምክር ቤቱ የድርጅቱ ቡድን ተጠሪ አያ ጓንጉልን ከግድግዳው አስጠግቶ ሲያናግራቸው ደረስኩ። ትሑት ሰው ነው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። እንዲህ ያለውን ሰው ነው የምፈራው።

«አቶ ጓንጉል፣ የተናጋሪዎች ዝርዝር ላይ ስምዎን አየሁ። ምን ሊሉ እንዳሰቡም ሰምቻለሁ። ይተዉት።»

«ጥያቄ ነው ያለኝ።»

«ለእኔ ይስጡኝና ለሚመለከተው ላድርስልዎ።»

«እስከ ዛሬ የሰጠሁህ የት ደረሰ?»

ተጠሪው ፈገግ አለ። «የኮሚቴው ጸሐፊ እርስዎ ነበሩ። የሰረዙትም እርስዎ ነዎት። በራስዎ ላይ እኮ ነው የሚመሰክሩት።»

«እና በማን ላይ ልመስክር?» አሉ አያ ጓንጉል።

ተጠሪው ዘወር ሲል እኔን አየኝ። «ካሴቱ አይከብድሽም?» አለኝ። አይከብደኝም አልኩት። «ጎበዝ» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና ወረደ። ምሳዬን ሳልቀምስ ቀረሁ።

ከሰዓት አንቀጹ ተነበበ። አምስት ሰዎች ተነሥተው ደገፉ። አፈ ጉባኤው የተናጋሪዎቹን ዝርዝር አዩ፤ ቀና ብለው ወደ ኋላ፣ ተጠሪው ወደተቀመጠበት አዩ፤ ተመልሰው ዝርዝሩን አዩ። «እንግዲህ ሌላ ተናጋሪ ከሌለ ወደ ድምፅ አሰጣጥ» ሲሉ አያ ጓንጉል ሳይጠሩ ተነሡ።

«ጥያቄ አለኝ» አሉ። መዳፋቸው ወረቀቱ ላይ ነው። «ሞተ የተባለ ሰው መሬቱን ለማስመለስ ማመልከቻውን ለማን ነው የሚሰጥ?»

ማንም አልሳቀም። ጠዋት የነገሩኝን ሁሉ ነገሯቸው፤ የኮሚቴውን ችኮላ፣ የመሪጌታውን ዝርዝር፣ የሽማግሌውን ምስክርነት፣ ቀዩን ስክሪብቶ። «የሰረዝኩት እኔ ነኝ፣ ሌላ ጥፋተኛ አትፈልጉ። እማሆይ ዘነቡ ይባላሉ። ነአኩቶ ለአብ አጠገብ ይኖራሉ። በሕይወት አሉ። ዛሬ የምታወጡት ሕግ እኔ በስህተት የሠራሁትን በትክክል የሚሠራ ነው።» እኔ ዓይኔን ከካሴቱ አላነሣሁም። ተጠሪው የሚያየው እሳቸውን ይሁን እኔን ቀና ብዬ ለማረጋገጥ አልደፈርኩም።

ከአርቃቂዎቹ አንዱ ተነሣ። መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ ምንኩስና የሚል ቃል አዋጅ ውስጥ አይገባም አለ። «ደግሞስ እነሱ ራሳቸው ለዓለም ሞተናል ካሉ» ብሎ ጀመረ።

«ለዓለም ቢሞቱ ሆዳቸው አልሞተም» አሉ አያ ጓንጉል። «ቃሉን ካልወደዳችሁት ተዉት። እርጅና በሉት፣ ሕመም በሉት። ብቻ መግቢያ አበጁላቸው።» ብለው ተቀመጡ።

አፈ ጉባኤው መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ያዙ። በመጨረሻ ከኋላ ረድፍ አንዲት ሴት ተነሡ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከእሳቸው አፍ «እደግፋለሁ» ከሚለው በቀር አንድ ቃል ቀርጬ አላውቅም። «እኛም ቀበሌ አሉ» አሉ፤ ሌላ ሳይጨምሩ ተቀመጡ። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «እኛም ጋ» አሉ። ሌላ ሰው ደግሞ የገዛ እናቱ እንደመነኮሱ ተናገረ። አፈ ጉባኤው ፈጥነው ዕረፍት አወጁ። ከዕረፍት ስንመለስ በአንቀጹ መጨረሻ አንድ መስመር ተጨምሯል፤ በዕድሜ መግፋት ወይም በጤና ማጣት ማረስ ያልቻለን ሰው ይህ ድንጋጌ አይመለከተውም ይላል። አዋጁ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ያን ቀን ብቻ ነው ይህን ቃል በደስታ የጻፍኩት።

ደስታዬ አልቆየም። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ቢሮዬ መጣ፤ ሳይቀመጥ እጁን ዘረጋ። «የከሰዓቱን ካሴት» አለኝ። ሰጠሁት። «ቃለ ጉባኤው ላይ አንድ አባል አስተያየት ሰጥተዋል፣ ማሻሻያው ገብቷል፣ ይበቃል። ታሪክ አያስፈልግም። ስም አያስፈልግም።» እሺ አልኩት። የሰማሁትን በእጄ ጽፌ ማስቀረት እችል ነበር። ቢያንስ ስማቸውን አንድ ቦታ ሸጎጥ ማድረግ እችል ነበር። ፈራሁ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ብዙ ዓመት ፈልጌ አጣሁለት። «አንድ አባል በአንቀጹ ላይ አስተያየት ሰጥተዋል» ብዬ በታይፕ መታሁ።

በማግሥቱ ጠዋት አያ ጓንጉል አውቶቡስ ከመሳፈራቸው በፊት መጡ። ወደ ውስጥ አልገቡም። በሩን ይዘው ቆሙና «ጻፍሽው?» አሉኝ።

«ጽፌዋለሁ፣ አያ።»

«ስማቸውን?»

«ስማቸውንም።»

«እንዴት ብለሽ?»

ይህን ይጠይቁኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። «እማሆይ ዘነቡ ነአኩቶ ለአብ አጠገብ ይኖራሉ፣ በሕይወት አሉ፣ ብዬ» አልኳቸው። ምላሴ አልተደናቀፈም።

ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። «እንግዲህ ደርሼ እነግራቸዋለሁ» አሉና ሄዱ። በመስኮት እስኪርቁ አየኋቸው፤ ሮጬ ደርሼ እውነቱን ልነግራቸው የምችልበት ጊዜ ነበረኝ፣ አልሮጥኩም።

ያ የመጨረሻ መገናኛችን ሆነ። ተገመገሙ፤ የሽግሽጉን ሥራ አጥላልተዋል ተባሉ። በተከታዩ ምርጫ ስማቸው አልቀረበም። ወደ እርሻቸው ተመለሱ። አዋጁ ወደ ኋላ ስለማይሠራ የእማሆይ ዘነቡ መሬት አልተመለሰም፤ አያ ጓንጉልም እስኪሞቱ ገብሱን ማድረሳቸውን አላቆሙም አሉ። ያቺን አንድ መስመር ይዘው ስንት የደከሙ ሰዎች መሬታቸውን እንዳተረፉ ማንም አልቆጠረም። እኔ ግን ለጥምቀት ላሊበላ በሄድኩ ቁጥር ወደ ቀበሌያቸው የሚወጣውን መንገድ እየሸሸሁ ከረምኩ።

ለአርባቸው ሄድኩ። ዳሱ ውስጥ ሕዝቡ በልቶ ሲበታተን አንዲት መነኩሴ ሌላ በጣም ያረጁ መነኩሴ እየመሩ ወደ ተቀመጥኩበት መጡ። አሮጊቷ ዓይናቸው አያይም። ማን መሆኔን ሰው ነግሯቸዋል። ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

«የባሕር ዳሯ ጸሐፊ አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማሆይ።»

እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። እጃቸው ቀላል ነው፣ ደረቅ ነው። «ጓንጉል ነግሮኛል። ስሜን የመለስሽልኝ አንቺ ነሽ። ከዚያ ወዲህ ጠይቄውም አላውቅ፣ ልቤ አርፏል። እግዜር የልጅ ልጅ ያሳይሽ።» ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል አልለቀቁኝም። «እስቲ እንዴት አድርገሽ እንደጻፍሽው ከአንቺ አፍ ልስማው» አሉኝ።

ዙሪያዬን አየሁ። የአያ ጓንጉል ልጆች፣ የቀበሌው ሰዎች፣ መሪጌታው፣ ሁሉም ይጠብቁኛል።

«እማሆይ ዘነቡ ነአኩቶ ለአብ አጠገብ ይኖራሉ» አልኩ። «በሕይወት አሉ።»

«አንድ ጊዜ ድገሚልኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

ደገምኩላቸው።